ስለ ዘር ጠባቂዎች ድርሻ

በ1995 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ የአገራችን ገበሬ ማሳውን አለስልሶ ጤፉን በሚዘራበት ሰሞን፥ በሆላንድ አገር አንድ የፓተንት ማመልከቻ ቀረበ። ፓተንት ማለት የፈጠራ ባለቤትነት መብት የሚሰጥ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የተሰጠው ሰው በውስጡ የተገለጠውን ነገር እስከ 20 ዓመት ድረስ እርሱ ብቻ ይሠራዋል፥ ይሸጠዋል፤ ሌላው ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራውም በፍርድ ቤት ሊከለክለው ይችላል። በዚያ ማመልከቻ መብት የተጠየቀበት ነገር የጤፍ ዱቄት፥ ከዱቄቱ የሚቦካው ሊጥና የሚጋገረው ምግብ ነበር። ጤፍን ከዱር ሣር ለይቶ ያለመደው፥ ማኛውን ከሰርገኛው ለይቶ ለዘር ያስቀመጠው፥ በክፉ ቀን ልጆቹ እየተራቡ የዘር ቁናውን ያልነካው የኢትዮጵያ ገበሬ ግን ከባለመብቶቹ አንዱ ሆኖ አልተጻፈም።

ውድ አንባቢያን፥ ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ ይህ ነው። ሊቃውንት እህልን፥ ዕፅዋትንና እንስሳትን መርምረው ጥቅም ባገኙ ጊዜ፥ ያንን ዘር ጠብቆ ያቆየው፥ የዕፁንም ኃይል ያስተማረው የአገር ሕዝብ ድርሻው ምንድን ነው? ድርሻውስ በምን መንገድ ይደርሰዋል? (ዓመተ ምሕረቱን በአገራችን አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የአውሮፓውን ስንጽፍ ለይተን እናስታውቃለን።)

አስቀድሞ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት እንበል። እግዚአብሔር በሦስተኛው ቀን ምድር ዕፅዋትን በየወገናቸው እንድታበቅል ባዘዘ ጊዜ የሰጠው ጸጋ በአንድ መልክ ብቻ የሚታይ አይደለም። ጤፍ በስም አንድ ሲሆን ነጭ አለው፥ ቀይ አለው፤ ዝናም ሳይቋረጥ ፈጥኖ የሚደርስ አለው፥ ዘግይቶ ብዙ የሚያፈራ አለው። በአንድ ወረዳ ብቻ ገበሬዎች የሚጠሩትን የገብስ ስም ቢቈጥሩት የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ስም ያህል ሊሆን ይችላል። ይህን የፍጥረት ብዛትና ልዩነት የዘመናችን ሊቃውንት ብዝኃ ሕይወት ይሉታል። ብዛቱ እንዲያው በዱር የበቀለ አይደለም። ባል በአውድማ፥ ሚስት በጎተራ ዓመት ዓመት እየመረጡ ያቆዩት ነው። የዩኒቨርሲቲ ሊቅ በአምስት ዓመት ያገኘሁት ነው የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ አምስት መቶ ዓመት የተደከመበት ነው።

በዚህ ሀብት አገራችን በዓለም የታወቀች ናት። ሩስያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 መጥቶ፥ በበቅሎ እየተጓዘ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቦ ሄዷል። ከዚያ በኋላ የመጡትም ብዙዎች ናቸው። ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ አንድ በሽታ የካሊፎርኒያን እርሻ ባስቸገረ ጊዜ፥ በሽታውን የሚቋቋመው ኃይል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 እና በ1965 ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ልዑካን ከአገራችን ጫካዎች የቡና ዘር ሰበሰቡ። ከኢትዮጵያ ወጥቶ በብራዚል ከተተከለው ቡና መካከል ካፌይን የለበትም ለማለት የሚያስደፍሩ 3 ዛፎች መገኘታቸውን የብራዚል ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ለዓለም አስታወቁ። ገብሱን ለዘራው የደጋ ገበሬ፥ ቡናውን ለጠበቀው የጫካ ዳር መንደር ከዚህ ሁሉ ምን ደረሰው ቢባል መልሱ አጭር ነው።

ያን ጊዜ ሕግም ይህን አይከለክልም ነበር። ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ቅርስ ነው ይባል ነበረ። ቃሉ መልካም ነው፤ ሆኖም የጋራ የሚሆነው ዘሩ ሲወጣ ብቻ ነበር። ተሻሽሎ ሲመለስ በከረጢት ተሰፍቶ፥ ዋጋ ተቈርጦለት፥ የኩባንያ ስም ተጽፎበት ይመጣል። በ1984 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ የተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ይህን ለወጠው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አገር በሀብቱ ላይ ሥልጣን እንዳለው፥ ከሀብቱም የሚገኘው ጥቅም በትክክል መከፈል እንደሚገባው ታወቀ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1986 ዓ.ም. አጸደቀች። በዚህ ክርክር የአፍሪካን ወገን እየመሩ የተሟገቱት፥ በ2015 ዓ.ም. ያረፉት የአገራችን ሊቅ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር መሆናቸውን ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

አሁን ወደ ጤፉ እንመለስ። የአውሮፓ ነጋዴ ጤፍን የፈለገበት ምክንያት ነበረው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ሙጫ መሳይ ነገር አለ፤ ይህም ለአንዳንድ ሰዎች አንጀት ጠንቅ ነው። በጤፍ ውስጥ ግን የለም። በሆላንዱ ማመልከቻ እንደ አዲስ ግኝት ከቀረቡት ነገሮች አንዱ፥ ጤፉ እንደ ታጨደ ሳይፈጭ ጥቂት ሳምንታት ከርሞ ቢፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር ይሻላል የሚል ነው። ይህን የሰማች የአገራችን ባለሙያ እናት ምን እንደምትል እግዜር ይወቀው። በእኛ ቤት የከረመ ጤፍ ውኃ ያነሣል፥ ሊጡም ይበረክታል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ማንም ግን ይህን ጽፎ ለመንግሥት አመልካለሁ ብሎ አላሰበም።

ከማመልከቻው ሁለት ዓመት ያህል በኋላ፥ በ1997 ዓ.ም.፥ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ተቋማችንና የግብርና ምርምር ድርጅታችን ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረሙ። ውሉ ሲነበብ መልካም ነበር፤ እንዲያውም በዓለም ላይ እንደ ምሳሌ ይጠቀስ ነበረ። ኩባንያው ከዘር ሽያጭ ከሚያገኘው የተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ሊከፍል፥ ለገበሬዎች ኑሮ መሻሻል ለሚውል መዝገብ ደግሞ ከትርፉ 5 በመቶ፥ ይኸውም በዓመት ከ20,000 ዩሮ የማያንስ ገንዘብ ሊያስገባ ተስማማ። በጤፍ ዘር ላይ የባለቤትነት መብት እንዳይጠይቅም ተጻፈ። ውሉ የተደረገው ለ10 ዓመት ነው።

የሆነው ግን እንዲህ ነው። በ1999 ዓ.ም. የአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት የዱቄቱን ፓተንት ሰጠ። በ2001 ዓ.ም. ኩባንያው ከሰርሁ ብሎ ተዘጋ። ፓተንቱ ግን ከኩባንያው ጋር አልሞተም፤ ቀድሞ ኩባንያውን ይመሩ ከነበሩት ሰዎች ጋር ወደ ሌላ ድርጅት ተሻገረ። ውል የሚያስረው የፈረመውን ብቻ ስለ ሆነ፥ አዲሱ ድርጅት ለኢትዮጵያ የገባው ቃል አልነበረውም። ባለዕዳው የለም፤ ንብረቱ ግን አለ። ከዚህ ሁሉ አገራችን ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮና ሳይፈጸም የቀረ አንድ ትንሽ የምርምር ሥራ ነው። ለልጆች የሒሳብ ጥያቄ ብናደርገው፥ ለመዝገቡ ብቻ በ10 ዓመት ሊገባ ከሚገባው ዝቅተኛ ገንዘብ ሃምሳ እጅ አንድ እጅ ማለት ነው።

ፓተንቱስ እንዴት ፈረሰ? በእኛ ክስ አልፈረሰም። በአውሮፓ ፍርድ ቤት መሟገት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ባለ ፓተንቱ ድርጅት በጤፍ ዱቄት የሚሠራ ሌላ የሆላንድ የዳቦ ዱቄት ድርጅትን መብቴን ነካህ ብሎ ከሰሰው። ተከሳሹም ይህ ነገር አዲስም ፈጠራም አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ የሄግ ፍርድ ቤትም ክርክሩን ተቀብሎ በሆላንድ ውስጥ ፓተንቱ ዋጋ የለውም ሲል ፈረደ። ፍርዱ የተሰጠበት ቀን እኛ የቅዱስ ሚካኤልን በዓል የምናከብርበት ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበረ። ባለ ፓተንቱ ይግባኝ አልጠየቀም፤ በየካቲትም ነገሩ ተቈረጠ። በአዲስ አበባ ደስታ ሆነ፤ ደስታውም የሚገባ ነው። ግን ያሸነፈው ለራሱ ገበያ የተከራከረ ነጋዴ መሆኑን መርሳት አይገባንም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከካህናትም ከምእመናንም ሰምቼዋለሁ። ጤፍ የእግዚአብሔር ስጦታ አይደለምን? ጌታችን በወንጌል በነጻ ያገኙትን በነጻ እንዲሰጡ ደቀ መዛሙርቱን አላዘዘምን? እንግዲህ ክርስቲያን ስለ ዘር ድርሻ መጠየቁ ስስት አይሆንበትም ወይ? ጥያቄው የቅንነት ስለ ሆነ በንቀት ማለፍ አይገባም። መልሱ ግን በገዛ መንደራችን አለ። ዘር ያለቀበት ጎረቤት በግንቦት ወር ቁና ይዞ ሲመጣ ማንም ፊቱን አያዞርበትም፤ የሰጠውም ሰው ጎረቤቱ ያንን ዘር ዘርቶ ሲያጭድ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ያ ጎረቤት ዘሩን ወስዶ፥ ማሳውን አጥሮ፥ ከእንግዲህ ይህን ዘር ያለ እኔ ፈቃድ ማንም እንዳይነካ ብሎ ለሰጪው ራሱ ቢከለክለው፥ ሽማግሌ ይሰበሰብበታል። በነጻ የተሰጠውን አጥሮ መሸጥ ከልግስና ወገን አይደለም። የሙሴ ሕግ በአውድማ ላይ የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ሲያዝ፥ ሐዋርያው ጳውሎስም ይህንኑ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲያብራራ፥ ነገሩ ስለ ምጽዋት አይደለም። በሬው በደከመበት እህል ላይ ያለው መብት ነው። የገበሬውም ድርሻ እንደዚሁ የድካም ዋጋ ነው እንጂ ችሮታ አይደለም።

ስለ እህል ይህን ካልን፥ ስለ ዕውቀት ደግሞ የእንዶድን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። እንዶድን የማያውቅ ቤት የለም፤ ለጥምቀት የሚለበሰው ነጠላ የሚነጣው በፍሬው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ወጣቱ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያ ስለሚባለው በሽታ ሊመረምር ወደ ዐድዋ ወርዶ፥ ሴቶች በወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ አገኘ። እነርሱ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከተ። በሽታውን ተሸክሞ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና ነገሩ ልቡን ነካው። ከዚያ ወዲህ ሕይወቱን ለዚህ ሰጠ። የአፍሪካ ላቦራቶሪ ምስክርነት አይበቃም እየተባለ ብዙ ዓመታት ደከመ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ግን ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን ታላቅ ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመት ያንኑ ሽልማት የአገር ዘር እንዳይጠፋ የተጋደሉት ዶክተር መላኩ ወረደም ተቀብለዋል።

የእንዶድ ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍን አንድ ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጥረት በተዛመተ ጊዜ፥ እንዶድ እርሱንም እንደሚገድል ታወቀ፤ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በዚህ አገልግሎቱ ፓተንት ወሰደበት። ዶክተር አክሊሉ የገዛ ዓይኑን በሚገባ የተጠቀመ ሰው ነውና የሚገባውን ክብር ማንም አይነፍገውም። በወንዙ ዳር የነበሩት ሴቶች ግን የአንዳቸውም ስም በመጻሕፍት አይገኝም። እንዶዱን ለይተው ያወቁት፥ ፍሬው መቼ እንደሚለቀም፥ እንዴት ደርቆ እንደሚወቀጥ ከእናቶቻቸው የተማሩት እነርሱ ነበሩ።

ድርሻ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ ገንዘብ ይሮጣል። ከገንዘብ በፊት ግን የሚቀድም አንድ ድርሻ አለ፤ እርሱም የምርመራውን ውጤት መስማት ነው። ከተማሪ ቤት ያውቁኝ የነበሩ ልጆች ለዲግሪ ጽሑፋቸው ባህላዊ መድኃኒት አዋቂዎችን እየጠየቁ ሲዘዋወሩ አያለሁ። ከነዚህ አንዱን፥ ሥርና ቅጠል በማወቅ የታወቁ አንዲት የመንደራችን እናት፥ «ልጄ፥ ስንት ሰው ጽፎ ሄደ፤ ተመልሶ የነገረኝ ግን የለም» አሉት። እውነታቸውን ነው። ኮሶ ለትል እንደሚጠጣ መንደሩ ያውቃል፤ መጠኑ ሲበዛ እንደሚጎዳም በከፊል ያውቃል። ሊቁ በመሣሪያ መርምሮ የትኛው ክፍል መርዝ እንዳለበት፥ ለነፍሰ ጡር የትኛው እንደማይገባ ባወቀ ጊዜ፥ ያንን በውጭ አገር መጽሔት ላይ በባዕድ ቋንቋ አትሞ፥ ስሙን ለነገረችው እናት ሳይነግር ቢቀር፥ የበደለው በገንዘብ ብቻ አይደለም። የሰው ነፍስ ያለበት ነገር ነው።

በሚገባ የተሠራ ሥራ ደግሞ በገዛ አገራችን አለ። በትግራይ በሐገረ ሰላም፥ በአማራ በገረገራ፥ ከአገር የዘር ጎተራ የወጡ 400 ዓይነት ስንዴዎች በማሳ ላይ ተዘርተው፥ ወንዶችና ሴቶች የሆኑ 60 ገበሬዎች እየዞሩ እንደ ዕውቀታቸው ነጥብ ሰጡ። ሊቃውንቱም የገበሬውን ነጥብ ከራሳቸው ልኬት ጋር አስተያዩት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የታተመው ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፥ የገበሬዎቹ ዓይን ሊለካና ሊታመን የሚችል ዕውቀት ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ዘሩ ከጎተራ ወደ ማሳ ተመልሷል፤ ጠያቂና ተጠያቂም ቦታ ተለዋውጠዋል።

ገንዘቡስ ከመንደር ሊደርስ ይችላልን? ሊደርስ እንደሚችል ለማየት ወደ ህንድ፥ እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የማላንካራ ኦርቶዶክስ ወደምትገኝበት ወደ ኬራላ እንሻገር። የቀድሞ መምህራኖቻችንን ካስተማሩት ህንዳውያን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ነው። በኬራላ ተራሮች ካኒ የሚባሉ የጫካ ሰዎች ይኖራሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዕፅ የሚመረምሩ ሊቃውንት ካኒዎችን መንገድ መሪ አድርገው ጫካ ገቡ። ሊቃውንቱ ሲዝሉ መሪዎቹ አንድ ትንሽ ፍሬ እየቆረጠሙ አይደክሙም ነበር። ካኒዎቹ ምሥጢሩን ወዲያው አልነገሯቸውም፤ ለምነው ያገኙት ነው። ከዕፁ ጂቫኒ የሚባል የብርታት መድኃኒት ተሠራ። መድኃኒቱን እንዲሠራ ለአንድ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ፈቃድ ሲሰጠው፥ ከፈቃዱ ዋጋና ከሽያጩ ድርሻ እኩሌታው ለካኒዎች እንዲሆን የምርምር ተቋሙ ወሰነ። ገንዘቡን የሚቀበል ማኅበር በዚያው አቆጣጠር በ1997 ተቋቋመ። ሁሉ ግን የተቃና አልነበረም። ከካኒዎች መካከል ማን ጠይቆን ተሰጠ ያሉ ነበሩ፤ የደን መሥሪያ ቤቱም ዕፁ ከጫካ እንዳይለቀም በከለከለ ጊዜ የገንዘቡ ምንጭ ቀነሰ። ቢሆንም ይህን የመሰለ ክፍያ በዓለም ላይ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ መካከል ነው። ከጤፉ ውል የሚለየውም በአንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ በስም የታወቀ፥ በአቅራቢያውም ሆኖ የሚጠይቅ ነበረ።

የአገራችን ሕግ ይህን ሁሉ ሳያስብ አልቀረም። በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 482 ወጣ፤ ስሙ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ይባላል። (አርክቦት የሚለውን ቃል ያየ የቅኔ ተማሪ ረከበ የሚለው ግስ ትዝ ይለዋል፤ ማግኘት፥ ማስገኘት ማለት ነው። ሕግ አርቃቂዎች ወደ ግዕዝ መመለሳቸው ደስ ያሰኛል፤ ገበሬው ቃሉን ሳይተረጐምለት እንዲረዳው መጠበቅ ግን ይከብዳል።) አዋጁ ማኅበረሰቡ ስለ ዕውቀቱ አስቀድሞ እንዲጠየቅና እንዲፈቅድ፥ ያልወደደውንም እምቢ ለማለት እንዲችል ደነገገ። ከዘሩ ጥቅም መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ድርሻ 50 በመቶው ለማኅበረሰቡ እንዲሆን አዘዘ። የማኅበረሰብ ዕውቀት በመዝገብ ባለመግባቱ ጥበቃ እንደማያጣ ተናገረ። ደግሞም ከላይ ያነሣነውን የጎረቤት ቁና አልነካም፤ ገበሬዎች እርስ በርሳቸው እንደ ልማዳቸው ዘር መለዋወጣቸው ከአዋጁ ውጭ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ መርማሪ ስለ እርሱ ኃላፊነት የሚወስድ የአገሩን ባለሥልጣን ደብዳቤ ይዞ እንዲቀርብ ተጽፏል። በ2003 ዓ.ም. በጃፓን በናጎያ ፕሮቶኮል ላይ ስምምነት መደረሱ፥ በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይም በሥራ መዋሉ፥ ዘሩን የሚቀበሉት አገሮችም እንዲጠይቁ ለማድረግ ነው። በጤፉ ጊዜ ይህ አልነበረም።

አሁን ግን አዲስ ችግር መጥቷል። ቀድሞ ሌባም ሊቅም ቢሆን ዘሩን በከረጢት ይዞ መውጣት ነበረበት። ዛሬ የእያንዳንዱ ፍጥረት የውስጥ ጽሕፈት በመሣሪያ ይነበብና በኮምፒዩተር ይቀመጣል፤ በሌላ አገር ያለ ሰው እህሉን ሳይነካ ከዚያ ጽሕፈት ብቻ መሥራት ይችላል። የብራና ጸሐፊ በገዳም ተቀምጦ መጽሐፉን ገልብጦ እንደ መሄድ ነው፤ መጽሐፉ ከዕቃ ቤት አልጠፋም፥ ግን ወጥቷል። በ2017 ዓ.ም. በኮሎምቢያ በካሊ ከተማ የተሰበሰቡት መንግሥታት ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረው፥ በዚህ ጽሕፈት የሚነግዱ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ የሚያስገቡበት አንድ መዝገብ እንዲቋቋም፥ ከመዝገቡም ቢያንስ እኩሌታው ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲውል ወሰኑ። መዝገቡ በዚያው ዓመት በየካቲት ተከፈተ። ክፍያው ግን በግዴታ ሳይሆን በፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ስለዚህ ስንት እንደሚገባበት ከኩባንያዎች በጎ ፈቃድ እንጠብቅ የሚል ሰው ካለ፥ የጤፉን 20,000 ዩሮ ያስታውስ።

እንግዲህ ቤተሰብና ደብር ምን ያድርጉ? አንዳንዶች ምንም አለመናገር ይሻላል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዕውቀቱን ለልጁም ለደቀ መዝሙሩም ሳይነግር መቃብር ይዞት የወረደ ስንት ደብተራ፥ ስንት ባለ መድኃኒት እናውቃለን! በዚህ መንገድ የጠፋው ሌባ ከወሰደው ሊበልጥ ይችላል። ጠያቂ በመጣ ጊዜ ፈቃዱን ከማን እንዳገኘ፥ ደብዳቤውንም እንዲያሳይ ይጠየቅ፤ ልጅ ካልሆነ በስተቀር በዚህ የሚቀየም የለም። ለብቻው በየቤቱ ከሚዞር ይልቅ በሰንበቴ ወይም በሽማግሌዎች ፊት ጉዳዩን ያስረዳ። ውጤቱን በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ጽፎ መቼ እንደሚመልስ ቀን ይቈረጥለት። የወረቀቱም ቅጂ ከመንደሩ ዘንድ ይቅር፤ ጣት አስፍሮ የሚፈርም ሽማግሌ ካለ ማንበብ የሚችል የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ አስቀድሞ ያንብብለት።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢም በዚህ ነገር ውስጥ አለበት። በዙሪያው ያለው ኮረብታ ሁሉ በተራቈተበት አገር ጥዱ፥ ወይራውና ኮሶው የቀሩት በደብሩ ዙሪያ ስለ ሆነ፥ መርማሪዎች የሚመጡት ወደዚያ ነው፤ የሚቀበላቸውም ብዙ ጊዜ ቄሰ ገበዙ ነው። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው አንድ መዝገብ ቢያዘጋጅ ይበጃል። በመዝገቡ የመጣው ሰው ስም፥ የመጣበት ተቋም፥ የወሰደው ዘር ወይም ቅጠል፥ የጠየቀው ዕውቀትና የገባው ቃል ይጻፍ። ዕውቀቱን የሰጡት ሰዎች ስም ከነአባታቸው ይመዝገብ፥ ሴቶቹም ሳይቀሩ። የመድኃኒቱ አሠራር ራሱ ግን ከመዝገቡ ላይ አይጻፍ። መዝገቡ በዕቃ ቤት ከንብረት መዝገቡ ጎን ይቀመጥ፤ ሰበካ ጉባኤውም ሒሳብ በሚመረምርበት ቀን አብሮ አውጥቶ፥ ቃል ገብተው ያልተመለሱት እነማን እንደ ሆኑ እየለየ ደብዳቤ ይጻፍላቸው።